የዘገየ ይቅርታ ይጠቅማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄ ይህ ነው። በጦርነት ዘመን የተፈጸመ ግፍ ብዙ ዓመት ካለፈው በኋላ፥ ገዳዩም ተገዳዩም አፈር ከሆኑ በኋላ፥ «በድለናል፤ ይቅር በሉን» የሚል ቃል ቢመጣ ምን ይረባል? አንዱ ሰው፥ የሞተ ላይነሣ ነገሩን መቀስቀስ ቍስል መነካካት ነው ይላል። ሁለተኛው፥ ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅምና ማን ስለ ማን ይቅርታ ይለምናል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፥ እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ይቅር ማለት ግዴታችን ነውና ለማኝ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም ይላል። ሦስቱም ከቅን ልብ ሊናገሩ ስለሚችሉ መልስ ይገባቸዋል።

ይህ ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለመንግሥት መልእክተኞች ብቻ የተተወ አይደለም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሺሺንዳ፥ ቀን ቡናውን ሲለቅም ውሎ ማታ ከልጆቹ ጋራ እሳት ዳር የሚቀመጠውን ገበሬም ይነካዋል። የከፋን ምድር በሰሜን በኩል የሚያዋስነው የጎጀብ ወንዝ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይመሰክራልና። አንደኛውን አሁን እንናገራለን፤ ሁለተኛውን ግን ወደ ኋላ እናቈየዋለን።

በ1928 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያ ፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ልዑል ራስ እምሩ በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ ሆነው ትግሉን ይመሩ ነበር። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡና በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከእርሳቸው ጋራ ነበረ። ጠላት በየአቅጣጫው ሲከባቸው ወደ ደቡብ አፈግፍገው፥ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓመተ ምሕረት በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ከወጣቶቹም ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ የካቲት 12 ቀንን ተከትሎ በመጣው ጭፍጨፋ ተገደሉ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም በዚያው በ1929 ዓመተ ምሕረት በጠላት እጅ ተረሽነው፥ ከጥቂት ወራት በፊት በአዲስ አበባ ሰማዕትነትን የተቀበሉትን የአቡነ ጴጥሮስን መንገድ ተከተሉ። ጎጀብ የሚመሰክረው አንደኛው ነገር ይህ ነው።

የካቲት 12 ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁ፤ ጎጆውንም ከነሰዉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለዓለም ያስታወቀው የሟቾች ቍጥር 30,000 ነው፤ ነገሩን ለብዙ ዓመታት የመረመረው ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ወደ 19,000 ይሆናል ይላል። በግንቦት ወርም የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅማቸው በዓል ሲከበር፥ በጄኔራል ማሌቲ የሚታዘዝ ጦር ደብረ ሊባኖስን ከበበ። ግንቦት 13 ቀን መነኰሳቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን በጭነት መኪና እያመላለሰ ላጋ ወልዴ በሚባለው ስፍራ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ባስተላለፈው ወሬ 297 መነኰሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ 129 ዲያቆናት መጨመራቸውን አስታውቋል። ካምቤል ባደረገው ምርመራ ግን ቍጥሩ ከ1,800 እስከ 2,200 ይደርሳል። ገዳዩ በገዛ አፉ ካመነው ይልቅ የሸሸገው በዛ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላስ ምን ተባለ? ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ በሀገሩ ፍርድ ቤት የቀረበው ከጀርመኖች ጋራ ስለ መተባበሩ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም፤ 19 ዓመት እሥራት ተፈርዶበትም ብዙ ሳይቈይ ተለቀቀ። ከአየር የወረደውን መርዝ ሕዝባችን በተቃጠለ ገላው ሲመሰክር ኖሯል። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ሊቅም ነገሩን በሰነድ አስረድቷል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን በግልጥ ያመነው በ1988 ዓመተ ምሕረት፥ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ የዘመተው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ መርዝ አልተረጨም እያለ ሲከራከር ኖሮ፥ ሰነዱ በተገለጠ ጊዜ በስተርጅናው መሳሳቱን በአደባባይ አመነ። በኅዳር ወር 1990 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያው ፕሬዚዳንት ኦስካር ሉዊጂ ስካልፋሮ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሀገራቸው ስም የተሠራውን በደል አምነው ጸጸታቸውን ገለጡ። የአክሱምን ሐውልት ኢጣልያ በ1939 ዓመተ ምሕረት በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ ነገር ግን ሐውልቱ ሀገሩ የገባው በሚያዝያ ወር 1997 ዓመተ ምሕረት ነው። ዐሥራ ስምንቱ ወር ኀምሳ ስምንት ዓመት ሆነ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ በነሐሴ ወር 2004 ዓመተ ምሕረት ከሮማ ብዙ በማትርቀው በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ የክብር መታሰቢያ በሕዝብ ገንዘብ ታነጸ። እንግዲህ አስተውሉ። ሐውልት እየመለሱ ሐውልት ያቆማሉ። በአንድ አፍ አዝነናል ይባላል፥ በሌላው አፍ የገዳዩ ስም ይወደሳል። ስለዚህ የዘገየ ይቅርታ ጠቃሚነቱን ከመመርመራችን በፊት እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልገናል።

አስቀድመን ለሦስተኛው ሰው እንመልስ፤ ክርስቲያን ይቅር ሊል የሚገባው ሳይለመን ነው ላለው። እውነት ተናግሯል። ኢትዮጵያም ይህን አድርጋለች። በ1933 ዓመተ ምሕረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቱ የተቃጠለበት ሰውም በከተማው በቀሩት ኢጣልያውያን ላይ እጁን አላነሣም። ብዙዎቹም በመካከላችን ሱቅ ከፍተው፥ መኪና እየጠገኑ፥ እየወለዱና እየከበዱ ኖሩ። ይህ ይቅርታ ማንም ሳይለምነን የሰጠነው ነው።

ነገር ግን ወዳጆቻችን፥ የተበዳይ ይቅር ማለትና የበዳይ ይቅርታ መለመን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። የመጀመሪያው የተበዳዩን ልብ ከቂም ያነጻል። ሁለተኛው የበዳዩን ልብ ከሐሰት ያነጻል። አንዱ በሽተኛ የዋጠው መድኃኒት ሌላውን በሽተኛ አያድነውም።

ይህን ከዮሴፍ ታሪክ እንማራለን። ዮሴፍ በወንድሞቹ እጅ ሲሸጥ የዐሥራ ሰባት ዓመት ብላቴና ነበረ። በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመቱ ነበረ፤ ሰባቱ የጥጋብ ዘመንና ሁለት የረኃብ ዓመት ካለፈ በኋላ ለወንድሞቹ ራሱን ገለጠላቸው። ያን ጊዜ ሳማቸው፥ አለቀሰላቸው፥ የለማውን ምድርም ሰጣቸው። ይቅር እንዳላቸው ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል? አባታቸው ያዕቆብ በግብፅ ምድር ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖሮ ሞተ። ወንድሞቹ ግን አባታቸው ሲሞት ፈሩ፤ ዮሴፍ ይበቀለናል አሉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት እንጀራውን እየበሉ፥ በጥላው እየኖሩ፥ በልባቸው እሥረኞች ነበሩ ማለት ነው። በድለንሃልና ይቅር በለን የሚለው ቃል በግልጥ ወደ ዮሴፍ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ብትቈጥሩት በደሉ ከተሠራ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ዮሴፍም ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ለምን አለቀሰ? ይቅርታውን ከሰጠ ቈይቷል፤ ሀብት አልጐደለበትም፤ በቀልም አላሰበም። ከዚያ ቀን በፊት ግን በወንድሞቹና በእርሱ መካከል ሳይነገር የቀረ አንድ ነገር ነበረ። ጕድጓዱን እርሱ ያውቀዋል፤ እነርሱም ያውቁታል፤ በማዕድ ግን አይነሣም። ቃሉ በተነገረ ዕለት ጕድጓዱ ተከደነ። የዘገየ ይቅርታ ይጠቅማልን ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ የዮሴፍ እንባ መልስ ነው። ቍስል መነካካት ነው ለሚለውም ለመጀመሪያው ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ የተሸፈነው ቍስል ከውስጥ ሲመግል እንደ ኖረ የወንድሞቹ ፍርሃት ገልጦታልና። አባቶቻችንም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ በዚህ ላይ እንጨምራለን፤ የወጋም ቢሆን ያልተናዘዘውን አይረሳውም፤ ለልጆቹ በውሸት ያወርሰዋል እንጂ።

አሁን ለሁለተኛው ሰው፥ ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም ላለው እንመልስ። እርሱም ከነቢዩ ከሕዝቅኤል የተማረውን ይናገራል። ዛሬ በሮማ ወይም በሚላኖ የሚወለድ ሕፃን በደብረ ሊባኖስ ደም ተጠያቂ ነው ብንል በእግዚአብሔር ፍርድ ላይ እናምፃለን። ነገር ግን ኃጢአትና ዕዳ አንድ አይደሉም። አባቱ የሌላውን በሬ ነድቶ አምጥቶ ሲሞት፥ ልጁ ሌባ አይባልም። ዳሩ ግን በሬው የማን እንደ ሆነ እያወቀ ቢያርስበት፥ ባለቤቱ ሲመጣም አባቴ እንጂ እኔ አልሰረቅሁም ብሎ ቢመልሰው፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በደሉ የራሱ ይሆናል። የአባቱን ቤት፥ የአባቱን ስምና ባንዲራ የሚወርስ የአባቱንም ዕዳ ይወርሳል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ታሪክ ይህን ያስረዳናል። ሳኦል በመሐላ ሊጠበቁ የሚገባቸውን የገባዖን ሰዎች አስፈጃቸው። ሳኦል ሞቶ ዳዊት በነገሠ ጊዜ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ረኃብ ሆነ፤ ዳዊትም እግዚአብሔርን ቢጠይቅ ምክንያቱ ሳኦል ያፈሰሰው ደም እንደ ሆነ ተነገረው። ዳዊት ያን ደም አላፈሰሰም፤ እንዲያውም ሳኦል የእርሱም አሳዳጅ ነበረ። ቢሆንም የሳኦልን ዙፋን ወርሷልና፥ ነገሩ አይመለከተኝም አላለም። የተረፉትን ጠርቶ ምን ያደርግላቸው ዘንድ እንደሚወዱ ጠየቃቸው። እነርሱም ከሳኦል ቤት ሰባት ሰዎችን ለሞት ጠየቁ፤ ይህ መራራ መልስ በደል ሳይካስ ሲቈይ ምን ያህል እንደሚመርር ያሳያል። እኛ ክርስቲያኖች የምንወርሰው የዳዊትን ጥያቄ ነው እንጂ የገባዖንን መልስ አይደለም። ከዚያም በኋላ ሪጽፋ የተባለች እናት የልጆቿን ሬሳ ቀን ከአሞራ ሌሊት ከአውሬ ስትጠብቅ ሰነበተች። ዳዊት ይህን ሰምቶ ዐፅማቸውን ሰብስቦ በክብር አስቀበረ። መጽሐፉ እንደሚለው እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

በዘመናችንም የዳዊት ጥያቄ ሲዘነጋ የሚሆነውን አይተናል። ጀርመን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ ከፈጀች ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ2013 ዓመተ ምሕረት ድርጊቱ ዘር ማጥፋት እንደ ነበረ አምና ከናሚቢያ መንግሥት ጋራ ስለ ገንዘብ ተስማማች። ከሟቾቹ ልጆች ግን ብዙዎቹ እኛ ሳንጠየቅ ስለ እኛ ተዋዋሉ ብለው አዘኑ። ተበዳዩ ያልተጠየቀበት ይቅርታ ደብዳቤ ይሆናል እንጂ ዕርቅ አይሆንም።

እንግዲህ እውነተኛው ይቅርታ ምን ይመስላል? ይህን ለማወቅ ወደ ሩቅ ሀገር መሄድ አያስፈልገንም። በሀገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፥ ጐንበስ ብሎ፥ በሽማግሌዎች ፊት ወደ በደለው ሰው ደጅ ይሄዳል። ይህ ልማድ ሙሉ ትምህርት አለው። ድንጋዩ የሚታይ ነው፤ በልቤ አዝኛለሁ ማለት አይበቃም። ድንጋዩ ይከብዳል፤ ይቅርታ ዋጋ ያስከፍላልና። የሚሄደው በዳዩ ነው፤ ተበዳዩን ወደ ቤቴ ና ብሎ አይጠራውም። ሽማግሌ ይሰማል፤ ምን እንዳደረገ በስሙ ይናገራል፤ ሳላውቅ ካስቀየምሁህ እያለ አያድበሰብስም። ካሣም ይቈረጣል። ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩን አውርድ የሚለው ተበዳዩ ነው እንጂ ተሸካሚው ራሱ አይደለም።

ዘኬዎስም እንዲሁ አድርጓል። ጌታችን ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ከኢጣልያ በተከፈለው ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቷል፤ የአክሱም ሐውልትም ተመልሷል፤ ይህን አንክድም፥ እናመሰግናለንም። ሆኖም ገንዘብ ከፍሎ የገዳዩን መታሰቢያ ማቆም፥ ካሣውን ሰጥቶ ድንጋዩን በተበዳዩ ደጅ መወርወር ነው። እኛ ከሮማ የምንሻው ብዙ አይደለም። የተደረገው በስሙ ይጠራ፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ይማሩት፤ የተወሰደው ይመለስ፤ ግራዚያኒም አይከበር። ይህ ቢመጣ ዘግይቷል ብለን ፊታችንን አናዞርም። በእግዚአብሔር ዘንድ የሞቱት ሕያዋን ናቸውና ለእነርሱ አልዘገየም።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ጎጀብ የሚመሰክረውን ሁለተኛውን ነገር የምንናገርበት ጊዜ ደርሷል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ራስ እምሩ በጎጀብ ዳር ከመያዛቸው ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት፥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አበጋዝነት የዘመተው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራዊት የከፋን መንግሥት ወጋ። የከፋ ሰዎች በጦርና በጋሻ፥ በጥልቅ ቦይና በጫካ ቢከላከሉም የጠመንጃውን ብዛት አልቻሉትም። ንጉሣቸው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተሰወረ በኋላ በ1890 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ተይዞ በሰንሰለት ወደ ሸዋ ተወሰደ። ጎጀብን ሲሻገር ቀለበቱን ወደ ወንዙ እንደ ጣለ ይተረካል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ደግሞ ከጦርነቱ የባሰ ነበረ። ብዙ ሕዝብ ባሪያ ሆኖ ተነዳ፤ የለማው እርሻ ጠፍ ሆኖ ዱር በቀለበት፤ የቀረውም ሕዝብ ገባር ሆኖ ለመልከኛና ለነፍጠኛ ተደለደለ። በደቡብ ከተከፋፈለው መሬት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠም ነበረበት። ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት ርዝራዡ የጠፋው ደግሞ በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ነው። የከፋ ሕዝብ ለክርስትና ፈጽሞ ባዕድ እንዳልነበረም እናስታውስ፤ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ወደ ከፋ እንደ ገባ ይነገራልና።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ይህ ሀገርን አንድ ማድረግ ነው፥ ከባዕድ ወረራ ጋራ አይመሳሰልም ይል ይሆናል። እኛም ሁለቱ በሁሉ ነገር አንድ ናቸው አላልንም። ከዐድዋ የተገኘው ክብር ክብር ነው፤ ዛሬ ሁላችን የምንኖርበትን ሀገር ያቈየልን አጥንትና ደምም የተመሰገነ ነው፤ በጎጀብ ዳር በ1929 ዓመተ ምሕረት የታገሉትም የታገሉት ለከፋ ጭምር ነው። ነገር ግን ልጇ ለባርነት የተነዳባት የከፋ እናት ለቅሶዋ በደብረ ሊባኖስ ልጇ ከተገደለባት እናት ለቅሶ በምን ያንሳል? እግዚአብሔር የሁለቱን እንባ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ኢጣልያዊው፥ ያ ሁሉ አልፏል፥ መንገድም ሠርተንላችኋል ቢለን እንቈጣለን። እንግዲያስ የሺሺንዳን ሽማግሌ፥ ያ ሁሉ አልፏል፥ ሥልጣኔም አምጥተንላችኋል የሚለው ሰው ከየት ተማረው? ከሌላው የምንሻውን ለሌላው ማድረግ የወንጌል ሕግ ነው፤ ወደ ሮማ የሚጮኽ ድምፅ እውነተኛነቱ የሚታወቀውም ወደ ቦንጋ ዞሮ በትሕትና መናገር ሲችል ነው።

ይህም ነገር በትልልቆች ዘንድ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በዚያው በከፋ ውስጥ ማንጆ የተባሉትን ወገኖች ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቅ የኖረ ልማድ አለ። የተበደለ ሕዝብ ልጅም ከበታቹ ያደረገውን ሰው ይቅርታ ሊለምነው ይገባል። ድንጋይ የማይሸከም ትከሻ የለም። ሁሉም በአንድነት ድንጋዩን ሲያነሣ፥ ማንም በማንም ላይ የሚወረውረው አይቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ያየ የሰማ ሽማግሌ በመንደራችሁ ካለ ነገሩን ለልጆች ይንገር፤ መጻፍ የሚችልም ይጻፈው፤ ተራ ጥላቻን ሳይጨምርበት፥ የሆነውን እንደ ሆነ ይጻፈው። በየካቲት 12 ቀንና በግንቦት 13 ቀን ሰማዕታትን ስታስቡ፥ ስማቸው ያልተጻፈውንና በባርነት መንገድ ላይ የወደቁትንም በጸሎታችሁ አስቡ። የሕዝብን ስም ስድብ አድርጋችሁ አትጥሩ፤ ልጆቻችሁም ሲጠሩ ዝም አትበሉ። ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሰው ቢኖር፥ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢሆን እንኳ፥ ዘገየህ ብላችሁ ደጃችሁን አትዝጉበት፤ ተቀበሉት፥ የሚናገረውንም እስከ መጨረሻው ስሙት። ስለ ሞቱት ሆናችሁ ይቅር ማለት አትችሉም፤ የሞቱት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው። በእናንተ ድርሻ ያለውን ግን ይቅር በሉ።

እናንተም በቤታችሁ ያልተነገረ ቃል ካለ ቀኑን አታቈዩት። የወንድሙን ድንበር የገፋ፥ የእኅቱን ርስት የከለከለ፥ ጎረቤቱን በሐሰት የመሰከረበት፥ ሃያ ዓመት አልፎታልና አሁን ምን ያደርጋል አይበል። ጌታችን በመሠዊያው ፊት የቆመው ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ ሲያዝዝ፥ ቂሙ ስንት ዓመት እንደ ቈየ አልጠየቀም። የዮሴፍ ወንድሞች ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘግይተዋል፤ ቃላቸውን በሰማ ጊዜ ግን ዮሴፍ አላባረራቸውም፤ አጽናናቸው፥ እነርሱንና ልጆቻቸውንም እመግባለሁ አላቸው።

ሰማዕታቱን በደብረ ሊባኖስና በጎሬ የተቀበለ፥ በጎጀብ ዳር የፈሰሰውንም እንባ ሁሉ የቈጠረ አምላክ፥ በዳዩን አንደበቱን ለእውነት ይክፈትለት፤ ተበዳዩን ልቡን ለምሕረት ያስፋለት። ለሀገራችን ለኢትዮጵያ ሰላምን፥ በመካከላችንም ሐሰት የሌለበትን ዕርቅ ይስጠን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ በሰማዕታት ጸሎት ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።